አስቤስቶስ ባለበት ሕንጻ ላይ ታፔላ መስቀል፦ ብናኝ ሳያስነሡ የመሥራት መመሪያ

«ግድግዳው አስቤስቶስ ነው አሉኝ። ማስክ አድርጌ አራት ቀዳዳ ብበሳ ምን ችግር አለው?» ታፔላና ላይት ቦክስ ከሚሰቅሉ ባለሙያዎች በየጊዜው የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ስሕተቱ ከማስክ መጀመሩ ላይ ነው። ማስክ ሌላው ሁሉ ሲያመልጥ የሚይዝ የመጨረሻ መከላከያ ነው። ከእሱ በፊት ሁለት ነገር አለ፦ አንደኛ፣ ከነጭራሹ ሳይበሱ መስቀል ይቻል እንደሆነ ማየት፤ ሁለተኛ፣ መብሳት ግድ ከሆነ ብናኙን ወደ አየር ሳይወጣ እዚያው ቀዳዳው አፍ ላይ አርጥቦ መያዝ።

አስቤስቶስ ከሕንጻ ዕቃዎች ጋር የሚደባለቅ ቃጫማ ማዕድን ነው። ሳይነካ የተቀመጠ ደኅና የአስቤስቶስ ሰሌዳ ብዙም አያሰጋም። ሲበሳ፣ ሲቆረጥ፣ ሲፈገፈግ ወይም ሲሰበር ግን እጅግ ደቃቅ ቃጫ ይለቅቃል። ቃጫው አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮም አያሳክክም። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አስቤስቶሲስ (ሳንባን የሚያጠብስ በሽታ)፣ የሳንባ ካንሰር እና ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚታዩት ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው፤ 20፣ 30፣ 40 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ስንቱን በስቼ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ክርክር ምንም አያረጋግጥም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ለሳንባ ካንሰር ያለው ስጋት ደግሞ እጥፍ ድርብ ነው።

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። አንዳንድ ቦታ አንዲት ቀዳዳ ለመብሳት እንኳ ሥልጠና ወይም ፈቃድ ይጠየቃል። የአካባቢያችሁ ሕግ ከዚህ መመሪያ የጠበቀ ከሆነ የሚሠራው ሕጉ ነው።

ምን ላይ እየሠራችሁ ነው?

አስቤስቶስ በዓይን አይለይም። ነጭ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ የሚባሉት የማዕድኑ ስሞች ናቸው፤ ከሲሚንቶ ወይም ከቀለም ጋር ከተደባለቀ በኋላ መልኩ ምንም አይናገርም። የሕንጻው ዕድሜ ፍንጭ ይሰጣል፤ ግን እገዳው በየአገሩ የወጣበት ጊዜ ለየቅል ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1999፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2005፣ ብራዚል በ2017 አግደዋል፤ እስከ ዛሬ ያላገዱም አሉ። ታፔላ ሰቃይ የሚያጋጥመው በአብዛኛው እነዚህን ነው፦

- የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ሰሌዳ፦ በተለምዶ ኤተርኒት የሚባለው ሸንተረራማ የጣሪያ ክዳን፣ ጠፍጣፋ የግድግዳ ልባስ፣ የጣሪያ ጠርዝ፣ አሸንዳ። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ አስቤስቶስ አለው። እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ቃጫውም በሲሚንቶው ተይዟል። ከዚህ በታች ያለው የአበሳስ ዘዴ የሚሠራው ለዚህ ብቻ ነው።
- ለስላሳው የሙቀት መከላከያ ቦርድ፦ ከሱቅ መስታወት በላይ ባለው ፓኔል፣ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር፣ ከአሮጌ ላይት ቦክስ ጀርባ ይገኛል። እስከ 40 በመቶ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ቀለም ከተቀባ ከሲሚንቶው ሰሌዳ ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ሲበሳ ግን ብናኙ እጅግ ብዙ ነው።
- በብረት ምሰሶና አግዳሚ ላይ የተረጨ የእሳት መከላከያ፦ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የታፔላ ማቀፊያ ብረት ለማጥበቅ ሲባል «ትንሽ ልፋቀው» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። እንዳትነኩት።
- ሸካራ የጌጥ ቀለምና ልስን፣ የመስኮት ዙሪያ ስቱኮ፣ ጥቁር የፓኔል ማጣበቂያ።
- የብሎኬት ውስጥ ሙሌት፦ ቨርሚኩላይት የሚባለው ቀላል ጠጠር መሰል ሙሌት አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ብሎኬቱን ስትበሱ እንደ አሸዋ እየፈሰሰ ይወጣል።
- አሮጌው ታፔላ ራሱ፦ ከትራንስፎርመሩ ወይም ከአምፖሉ ጀርባ ያለ የሙቀት መከላከያ ወረቀት፣ የቆዩ ሽቦዎች ጨርቅ መሰል ልባስ፣ የፊውዝ ሳጥን ጀርባ ያለ ጥቁር ወይም ግራጫ ሰሌዳ።

አንድ ወጥመድ አለ። ሕንጻው አዲስ የአሉሚኒየም ልባስ ለብሶ ሲያብረቀርቅ ጥርጣሬ አይመጣም። ግን አሮጌውን ሰሌዳ ሳያነሡ ላዩ ላይ አዲስ ልባስ መግጠም የተለመደ ነው፤ ረጅሙ ቪታችሁ አሉሚኒየሙን አልፎ ከኋላ ያለውን ሰሌዳ ይበሳል። ከውስጥ በኩል፣ ከጣሪያ ሥር ወይም ከልባሱ ጠርዝ ላይ ምን እንዳለ ሳታዩ የቪት ርዝመት አትወስኑ።

ባለቤቱን የአስቤስቶስ ጥናት ሪፖርት ጠይቁ። ከሌለ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ይላክ፤ ናሙና መውሰድም የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ቦታው ረጥቦ ከ3 እስከ 5 ካሬ ሴንቲሜትር ቁራጭ ከላይኛው ቀለም እስከ ጀርባው ድረስ ሙሉ ውፍረቱን ይዞ ይነሣል፣ በሁለት ከረጢት ይታሸጋል፣ የተነሣበት ቦታ ይደፈናል። ለልስንና ለጌጥ ቀለም አንድ ናሙና አይበቃም፤ ሲቦካ እኩል ስለማይደባለቅ ቢያንስ ከሦስት ቦታ ይወሰድ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ አስቤስቶስ እንዳለው ቆጥራችሁ ሥሩ።

ሳይበሱ መስቀል

ደንበኛው «እዚያ ጋ» ብሎ የጠቆመው ቦታ ላይ ከመስማማታችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ፦ መሬት ላይ የሚተከል ባለ ምሰሶ ታፔላ፤ በዚያው ሕንጻ ላይ ያለ የኮንክሪት ወይም የጡብ ክፍል፤ የተረጨ ነገር በሌለበት የተጋለጠ ብረት ላይ በማቀፊያ ማጥበቅ፤ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር። የቀድሞው ታፔላ ብረት ጠንካራ ከሆነና ሸክሙን የተሸከመው የሕንጻው አጥንት ከሆነ እሱኑ ተጠቀሙበት። ሰሌዳውን ከአርካሬቾው (ከኋላው ካለው አግዳሚ ብረት) ጋር የያዘውን ቡሎን ግን ፈትታችሁ ታፔላ አታንጠልጥሉበት፤ የተሠራው ሰሌዳውን እንዲይዝ ነው።

ለፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች የሚተው

ለስላሳው ቦርድ፣ የተረጨ መከላከያ፣ የቧንቧ መጠቅለያ፣ የቨርሚኩላይት ሙሌት፤ የተሰነጠቀ ወይም በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ማንኛውም ሰሌዳ፤ መስኮት የሚያህል ክፍተት መቁረጥ። እነዚህን አትሞክሯቸው። ሥራው ከጥቂት ቀዳዳዎች ካለፈም እቅዱን ቀይሩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ባለ ፒ3 ወይም ፒ100 ማጣሪያ ግማሽ ፊት ማስክ። ተጥሎ የሚወገደው ኤፍኤፍፒ3 በአንዳንድ አገር ይፈቀዳል፣ በሌላው አይፈቀድም። ኤን95 እና የቀዶ ጥገና ማስክ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።
- ኮፍያ ያለው፣ ተጥሎ የሚወገድ ዓይነት 5 (ደቃቅ ብናኝ የሚከላከል) ቱታ። ከልካችሁ በአንድ ቁጥር ይብለጥ፤ ልክክ ያለው መሰላል ላይ እግር ሲነሣ ብብቱና ጭኑ ላይ ይቀደዳል።
- የጎማ ጓንት፣ ማሰሪያ የሌለው ቦት ጫማ። የጫማ ክር ብናኝ ይይዛል፤ አይጸዳም።
- 0.15 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው የላስቲክ ሸራ፣ ሰፊ ጠንካራ ቴፕ፣ የማስጠንቀቂያ ሪባን።
- ባትሪ ድሪል ወይም በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ፣ ስለታም አዲስ ፑንታ (6 እና 19 ሚሊ ሜትር ለሰሌዳው፣ 10.5 ሚሊ ሜትር ለብረቱ)።
- ወፍራም የመላጫ አረፋ፣ የፀጉር ጄል ወይም ወፍራም የግድግዳ ወረቀት ማጣበቂያ፣ እና ጥቂት የወረቀት ኩባያዎች።
- በእጅ የሚጨመቅ መርጫ፤ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይጨመርበት። ባዶ ውሃ ከብናኙ ላይ ተንከባልሎ ይወርዳል፤ ሳሙናው ዘልቆ እንዲያርስ ያደርገዋል።
- ለአስቤስቶስ የተሠራ ኤች ክላስ ቫኪዩም (ካገኛችሁ)። የቤት ቫኪዩም ቃጫውን በጀርባው መልሶ ይተፋዋል።
- ተጥሎ የሚወገድ ጨርቅ፣ ወፍራም የቆሻሻ ከረጢት (ለእያንዳንዱ ሁለት)፣ የአስቤስቶስ ማስጠንቀቂያ ምልክት።
- 10 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከነዳዶው፣ የጎማና የብረት ሮንዴላ፣ የውጪ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ፣ ሲሊኮን።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ቦታውን ዝጉ። ከሥራው በታች ያለውን መተላለፊያ በሪባን ከልሉ፣ መስኮቶችን ዝጉ፣ የአየር ማስገቢያና ኤሲ ያጥፉላችሁ። ነፋስ ሸራውን የሚያርገበግብ ከሆነ ሥራውን ለሌላ ቀን አስተላልፉት፤ ያረጠባችሁትን ብናኝ ያደርቀዋል፣ ይበትነዋልም።

2. መብራት አጥፉ። ውሃ ትረጫላችሁ፣ አሮጌ ሽቦም አለ። መስመሩ መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጡ። ባለ ገመድ ሳይሆን ባትሪ ድሪል የተመረጠውም አንድም ለዚህ ነው።

3. መወጣጫውን አዘጋጁ። መሰላል የአስቤስቶስ ሰሌዳ ላይ አታስደግፉ፤ ጣሪያውንም አትርገጡ። ያረጀ ሰሌዳ ጠንካራ መስሎ ሳይሰነጠቅ፣ ሳያስጠነቅቅ ከሥር ይበረከሳል። ለዚህ ሥራ ከቃጫው እኩል፣ ምናልባትም ቀድሞ የሚገድለው ውድቀት ነው። ስካፎልዲንግ ወይም የሰው ማንሻ ተጠቀሙ።

4. ሸራውን ከሥር ዘርጉ። ከግድግዳው ጋር በቴፕ አያይዙት፤ በግድግዳውና በሸራው መካከል የጣት ክፍተት ካለ ጠብታው በዚያ ያመልጣል።

5. ልበሱ። መጀመሪያ ማስኩን አድርጉና ማጣሪያውን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ አየር ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ፊታችሁ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ልክ ነው። ጢም ካለ አይጣበቅም፤ አንድ ቀን ያደገ ጢም እንኳ ያስገባል። የቱታው ኮፍያ ከማስኩ ማሰሪያ በላይ ይዋል፤ ስታወልቁ ኮፍያው ቀድሞ፣ ማስኩ መጨረሻ እንዲወጣ። የሱሪው እግር ከቦቱ ውጪ ይሁን። ቦት ውስጥ ከከተታችሁት ብናኙ ወደ ቦቱ ውስጥ ይፈስሳል።

6. አሮጌ ታፔላ ካለ አርጥባችሁ አውርዱ። ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን ርጩ፤ ውስጡ ለዓመታት የተጠራቀመ ብናኝ አለ። የዛገ ቡሎን አትንቀሉ፤ ስትጎትቱት የቀዳዳውን ጠርዝ ይዞ ይመጣል። ከሰሌዳው ፊት ለፊት በቡሎን መቁረጫ ቁረጡትና ግንዱን እዚያው ተዉት፣ በሲሊኮን ሸፍኑት። ግራይንደር አይነካው።

7. የሚበሳውን ነጥብ ለዩ። ነጥቡ ከኋላው አርካሬቾ ወይም ምሰሶ ባለበት ላይ ብቻ ይሁን። የነባር ቡሎኖቹ መስመር አርካሬቾው የት እንዳለ ያሳያል። ከሰሌዳው ጠርዝ ራቁ፤ ጠርዝ በቀላሉ ይሰነጠቃል።

8. ነጥቡ ላይ ቴፕ ለጥፉ። የቀዳዳው ጠርዝ እንዳይፈነጣጠር ይይዘዋል። ጀርባው የሚደረስ ከሆነ መውጫው ላይም ለጥፉ፣ አረፋም ቅቡ። ፑንታው ብዙውን የሚበትነው ሲወጣ ነው እንጂ ሲገባ አይደለም። ጀርባው የማይደረስና ሰዎች ካሉበት ክፍል ጋር የተገናኘ ከሆነ ሥራውን አቁሙና ባለሙያ ጥሩ።

9. ኩባያውን አዘጋጁ። የወረቀት ኩባያውን ቂጥ በፑንታው በስታችሁ ፑንታውን አሾልኩ፤ አፉ ወደ ግድግዳው ይዙር። ኩባያውን በአረፋ ወይም በጄል ጢም አድርጋችሁ ሙሉ፤ የፑንታው ጫፍ ከአረፋው ትንሽ ብቅ ይበል። አፉን ሰሌዳው ላይ አስጠግታችሁ በአንድ እጅ ያዙት። ከሥር ወደ ላይ ለሚበሳ ደግሞ ከዚህ ሌላ ምርጫ የለም፤ ያለ ኩባያ ብናኙ የሚወርደው ፊታችሁ ላይ ነው።

10. በዝግታ ብሱ። የድሪሉ መዶሻ (እየመታ የሚበሳበት አሠራር) መጥፋቱን ሁለቴ እዩ፣ ፍጥነቱ ዝቅ ይበል። በመጀመሪያ 6 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ 19። ፑንታ በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ አረፋ ሙሉ። አረፋው ግራጫ ለጥ ያለ ሊጥ እየሆነ ከመጣ እየሠራ ነው። ደረቅ ዱቄት ከታየ ግን ወዲያው አቁሙና ርጩ። አትግፉ፤ ስለታም ፑንታ ራሱ ይገባል፣ የደነዘዘው ሰሌዳውን ያፈርጠዋል። በዚህ ዘዴ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ቀዳዳ አይበሳም።

11. ፑንታውን ሳትነቅሉ ድሪሉን አጥፉ። እየዞረ ከወጣ ሊጡን ይረጨዋል። ኩባያውን ከነአረፋው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በቀጥታ ወደ ከረጢት። ቀዳዳውን ከውጪ ወደ ውስጥ ጥረጉ፤ ጨርቁን እያጠፋችሁ ንጹሕ ገጹን ተጠቀሙ፣ ባልዲ ውስጥ እያለቀለቃችሁ አትመልሱት።

12. ብረቱን ብሱ። አርካሬቾውን በ10.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ለብቻው ብሱ። የብረቱም ፍቅፋቂ ከሰሌዳው ቃጫ ጋር ስለሚደባለቅ እንደ አስቤስቶስ ቆሻሻ ይያዝ።

13. ቱቦውን አስገቡ። ይህች ናት የሥራው ቁልፍ። ባለ 16 ቱቦው አንድ ጫፉ አርካሬቾው ላይ ያርፋል፤ ሌላው ጫፍ ከሰሌዳው ፊት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ወጣ ይላል። ቡሎኑ በቱቦው ውስጥ ያልፋል፣ የታፔላው ብረትም የሚያርፈው ቱቦው ላይ ነው። ዳዶውን የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠብቁ የሚጨመቀው ቱቦው ነው፤ ሰሌዳው ምንም አይነካውም። የ19 እና የ16 ልዩነት ዙሪያውን 1.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይሰጣል፤ ጠርዙንና ክፍተቱን በሲሊኮን ሙሉ። ሲሊኮኑ ዝናብ ይከለክላል፣ የተጋለጠውንም ጠርዝ ያሽጋል።

ቱቦ ከሌለ ምን ይሆናል? ታፔላ በነፋስ ይንቀጠቀጣል። ቡሎኑ ሰሌዳው ላይ ካረፈ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጠርዙን ይፈጫል፤ ቀዳዳው ለዓመታት ብናኝ ሲለቅ ይኖራል፣ መጨረሻ ላይም ሰሌዳው ይሰነጠቃል። ፊሸርማ (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ቪት የሚይዘው ፕላስቲክ) ከዚህ የባሰ ነው፤ የሚይዘው ራሱን አስፍቶ ግድግዳውን በመግፋት ስለሆነ ተሰባሪውን ሰሌዳ ከውስጥ ይፈነቅለዋል።

14. አጽዱ። ዕቃውን ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ሸራውን ርጩና ወደ ውስጥ እያጠፋችሁ ጠቅልሉ።

15. አውልቁ። ቱታውን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በቫኪዩም አጽዱ፣ ከዚያ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገልብጣችሁ ውስጡ ወደ ውጪ እየዞረ ወደ ታች ጠቅልሉት፤ ጓንቱም አብሮ ይውጣ። ማስኩ መጨረሻ። እጅና ፊት ታጠቡ፤ ቢቻል ገላችሁን።

16. ቆሻሻውን አሽጉ። ከረጢቱን ከግማሽ በላይ አትሙሉ፣ አየሩን ጨምቃችሁ አታውጡ (ብናኙ አብሮ ይወጣል)። አፉን በቴፕ እሰሩ፣ ውጪውን ጥረጉ፣ ሁለተኛ ከረጢት ውስጥ ክተቱ፣ ምልክት ለጥፉ። ትልቅ ቁራጭ እንዲገባ ብላችሁ አትስበሩ፤ በሸራ ጠቅልሉት። አስቤስቶስ ወደሚቀበል ማስወገጃ ይሂድ እንጂ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይቀላቀል።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ድሪሉ በመዶሻ ላይ እንደተዘጋጀ መጀመር። ይህ ከሁሉ ይበዛል፤ ቀደም ብሎ ኮንክሪት የበሳው ሰው ማዞሪያውን መመለስ ይረሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ አንዴ ረጭቶ መጀመር ነው፤ ላዩ ይረጥባል፣ ፑንታው ሁለት ሚሊ ሜትር ሲገባ ደረቁ ጋ ይደርሳል።

ብናኙን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር ማራገፍ፣ ደረቅ መጥረጊያ፣ ሻጋታ ለማንሣት በግፊት ውሃ ማጠብ፣ ቀለም ከመቀባት በፊት በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፤ አራቱም አንድ ናቸው። ቱታውን አራግፎ ለነገ ማስቀመጥና የሥራ ልብስን ቤት ወስዶ ከልጆች ልብስ ጋር ማጠብ ደግሞ ቃጫውን ሥራው ላይ ላልነበረ ሰው ማድረስ ነው።

ሳታውቁ በስታችሁት ከሆነ

ድሪሉን አጥፉ፣ ባለበት ተዉት። ሌሎች ሰዎችን አርቁ፣ መስኮትና ኤሲ ይዘጋ። በመጥረጊያ አትጥረጉ። የወደቀውን ብናኝ በስሱ ርጩ፤ ኃይለኛ ግፊት ያስነሣዋል። ልብሳችሁ ላይ ካረፈ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ሸሚዝ በራስ ላይ አይወለቅ፣ ከታች እስከ ላይ ቁረጡትና ከረጢት ውስጥ ክተቱት። ቀዳዳውን በእርጥብ ጨርቅና በቴፕ ሸፍኑ። ለባለቤቱ ንገሩ፤ ናሙና ተመርምሮ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ማንም አይግባ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የቀዳዳውን ብዛትና እዚያ የነበሩትን ሰዎች ስም ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ወደፊት ለሐኪም የሚጠቅመው ያ ወረቀት ነው።